የመሪ ሰርቮ የራሱ የኃይል ምንጭ ይኑረው
በሬዲዮ ለሚመሩ የሸካራ መሬት መኪኖች የመሪ ሰርቮ ሲመረጥ ጉልበቱ ይታያል፤ የሚስበው ከረንት ግን ይዘነጋል። ሰርቮው አብዛኛውን ጊዜ ኃይል የሚያገኘው ከሞተሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ በሬዲዮ ተቀባዩ በኩል ነው። ጎማው በድንጋይ ሲታገት ጠንካራ ሰርቮ ከ3 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። ምንጩ ይህን ካልቻለ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ተቀባዩ ጠፍቶ ይነሣል፤ መኪናውም ለቅጽበት ከቁጥጥር ይወጣል። በምርምር ሥራ ይህ የኃይል ጉድለት የመቆጣጠሪያ ፕሮግራሙ ስሕተት ተደርጎ ሊመዘገብ ይችላል። ካፓሲተር የቅጽበት መዋዠቅን ቢያለዝብም የምንጩን አቅም አያሳድግም። ስለዚህ ስሌቱ በአማካይ ፍጆታ ሳይሆን ሰርቮው ታግቶ በሚስበው ከረንት ላይ ሊመሠረት ይገባል። ለዚህ የሚበቃ የቮልቴጅ መቀነሻ ለሰርቮው ብቻ ይመደብ፤ ኔጌቲቭ ሽቦው ግን ከተቀባዩ ጋር የጋራ ይሁን፤ አለዚያ ትእዛዙ በትክክል አይነበብም።