ደፍ የሌለው መታጠቢያ

ሳሎናችንን ስናሳምርና እንግዳ የሚያርፍበትን ክፍል ስናዘጋጅ፥ ብዙውን ጊዜ የምንዘነጋው አንድ ስፍራ አለ፤ እርሱም መታጠቢያ ቤቱ ነው። ከቤቱ ክፍሎች ሁሉ ጠባቡ፥ ወለሉም ርጥብና አዳላጭ የሆነው፥ ያረጁ አባትና እናት በሩን ዘግተው ብቻቸውን የሚቆሙበት ይኸው ክፍል ነው።

አረጋዊ ሰው በወደቀ ጊዜ «የዕድሜ ነገር ነው» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ነገር ግን ዕድሜን መመለስ ባይቻልም ወለልን ማስተካከል ይቻላል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፥ በመውደቅ ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰዎች ይሞታሉ፤ ከሟቾቹም የሚበዙት ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ነው። ከሞት የተረፉትንም ቢሆን የዳሌ አጥንት ስብራት ብዙዎቹን የአልጋ ቁራኛ ያደርጋቸዋል።

ከዚህም ሌላ የተሰወረ ጉዳት አለ። አንድ ጊዜ ተንሸራትተው የደነገጡ እናት ነገሩን ለልጆቻቸው ሳይገልጡ «ዛሬ ይበርዳል፤ ነገ እታጠባለሁ» እያሉ ገላ መታጠቡን ያዘገያሉ። ልጃቸው ይዞ እንዲያጥባቸው መጠየቁም ያሳፍራቸዋል። ስለዚህ መታጠቢያውን ማስተካከል አጥንታቸውን ብቻ ሳይሆን ክብራቸውንም መጠበቅ ነው።

ቤት የሚሠራ ወይም የሚያድስ ሰው ደፍ የሌለውን ሻወር እንዲመርጥ እንመክራለን። ባኞ እግርን ከፍ አድርጎ መሻገርን ይጠይቃል፤ የሻወር ደፍም ያደናቅፋል። ደፉ ሲነሣ ውሃው እንዳይተኛ ወለሉ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፍሳሹ መውረጃ ዝቅ ይበል። ከሴራሚኩ ሥር ውሃ የማያሳልፍ ልባስ ይደረግ፤ ይህ በፎቅ ቤት ከተዘነጋ ውሃው ከታች ወዳለው ጎረቤት ይወርዳል። የወለሉ ሴራሚክ ሻካራ ይሁን፤ የሚያብረቀርቀው ለግድግዳ ይቅር።

በግድግዳው ላይ፥ ከወለሉ ከ84 እስከ 91 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፥ ጠንካራ የብረት መያዣ ይተከል። የፎጣ ማንጠልጠያ የሰውን ክብደት አይችልም። ብሎኬትም ውስጡ ክፍት ስለ ሆነ ብሎኑ ተነቅሎ እንዳይወጣ፥ መያዣው የሚታሰርበት ቦታ አስቀድሞ በኮንክሪት ይሞላ። ቁመቱ ከ43 እስከ 48 ሳንቲ ሜትር የሆነ የማይንሸራተት መቀመጫና በእጅ የሚያዝ ሻወር ቢጨመር አረጋዊው ተቀምጦ ይታጠባል። በሩም ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን፤ ወደ ውስጥ የሚከፈተውን የወደቀው ሰው አካል ይዘጋዋልና።

በኪራይ ቤት የሚኖር ወይም ለማፍረስ ዐቅም የሌለው ቤተ ሰብም የሚያደርገው አያጣም። ከሥሩ የሚጣበቅ የጎማ ምንጣፍ ያንጥፍ፤ ለሌሊት በቂ መብራት ያኑር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጄሪካኑና ባልዲው ከመተላለፊያው ይነሡ። በጆግ የሚታጠቡ ከሆነም ባልዲው በርጩማ ላይ ቢቀመጥ ጎንበስ ቀና ማለቱ ይቀርላቸዋል።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ስብራትን አንጠብቅ። ግንበኛውንም ከመጥራታችን በፊት ወላጆቻችንን እናማክር፤ ሲነሡ እጃቸውን ወዴት እንደሚዘረጉ፥ የትኛው እግራቸው እንደሚደክም የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና፥ የመያዣው ስፍራ በእነርሱ ቁመትና በእነርሱ ፈቃድ ይለካ።