የሚመታ ልብ ምስክር አይሆንም

እንቅልፍ አጥቶ ያደረ ሁሉ ‹‹ፍቅር ያዘኝ›› እያለ ሲመጣ መስማት ሰልችቶኛል። እህል አልበላ ብሎታል፤ መልእክቱን አይታ ዝም ስትለው ያልበዋል፤ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ፎቶዋን ይፈትሻል። ይህንን ጭንቀቱን እንደ ማስረጃ ደርድሮ ያቀርብልናል። እኛም ‹‹ምስኪን፣ አፍቅሮ እኮ ነው!›› ብለን እናጽናናዋለን። እኔ አላጽናናም። ወንድሜ፣ መጨነቅህን አይቻለሁ፤ ማፍቀርህን ግን ገና አላሳየኸኝም።

ልቤ ይመታል ትላለህ። እ.ኤ.አ. በ1974 ደተን እና አሮን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በካናዳ ቫንኩቨር አቅራቢያ፣ ከወንዝ በላይ 70 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሚወዛወዘው የካፒላኖ ድልድይ ላይ የሠሩት ሙከራ አለ። አንዲት ወጣት ድልድዩን የሚሻገሩ ወንዶችን መጠይቅ አስሞልታ ስልክ ቁጥሯን ትሰጣለች። ቁጥሩን ከተቀበሉት 18 ወንዶች 9ኙ ደወሉላት። ዝቅ ባለውና በማይነቃነቀው ሌላ ድልድይ ላይ ቁጥሩን ከወሰዱት 16 ሰዎች የደወሉት ግን 2 ብቻ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት ልባቸውን ያስመታው ገደሉ ነው፤ እነሱ ግን ከልጅቷ የመጣ መሰላቸው። ስንቱ ትዳር እንዲህ ባለ ድልድይ ላይ ተጀምሮ ይሆን?

እንቅልፍ ማጣቱም ቢሆን የሚያኮራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የፒሳ ዩኒቨርሲቲዋ ዶናቴላ ማራዚቲና ባልደረቦቿ በቅርቡ ፍቅር የያዛቸውን 20 ሰዎች ደም መረመሩ። ሴሮቶኒን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያጓጉዘው ፕሮቲን አንድ ሐሳብ እየተመላለሰ በሚያስጨንቃቸው ሕሙማን ላይ እንደታየው ሁሉ አንሶ ተገኘ። ከዓመት በላይ ቆይተው የተወሰኑትን ደግመው ሲያዩ ወደ ልኩ ተመልሷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን በኑሮ የምናውቀውን ይናገራል፦ ያ እሳት ይበርዳል። ‹‹ፍቅሬ አለቀ›› ብሎ ሻንጣ የሚያነሳውም እሳቱን ራሱን ፍቅር አድርጎ የቆጠረ ሰው ነው። ትኩሳት የበሽታውን ስም አይናገርም፤ ወባም ሊሆን ይችላል፣ ታይፎይድም።

እሳቱን አልጠላውም፤ ጣፋጭ ነው። የምጠላው የፍቅር መለኪያ ሲሆን ነው። ፍቅር በሥቃይ ከተለካ፣ ከሁሉ በላይ አፍቃሪ የሚባለው ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው ይሆናል። ስልኳን የሚበረብረው፣ ከሥራ ስትወጣ የሚከታተላት ‹‹ስለሚወዳት ነው›› ይባልለታል። ቅናትን የፍቅር ቅመም የሚያደርጉ አማካሪዎችም ሞልተዋል። የዚህ አስተሳሰብ ጫፍ የት እንደሚያደርስ አገራችን ታውቀዋለች። በ1949 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት ካገባ ከክስ ያድነው ነበር። ጉልበቱ በጋብቻ ይታጠብለት ነበር ማለት ነው። ያንን ከለላ ያነሳው በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ነው፤ በአንቀጽ 587 ለጠላፊ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደነገገ። ሕጉ ተለውጧል። ‹‹ካላገኘኋት እሞታለሁ›› ለሚለው ማጨብጨባችን ግን አልተለወጠም።

ታዲያ ሰው ማፍቀሩን በምን ይወቅ? ዓይኑ ወዴት እንደሚያይ ይመልከት። የውጭ አገር የትምህርት ዕድል አገኘሁ ስትልህ ቀድሞ የመጣብህ ምንድን ነው? ድንጋጤው አያስወቅስህም፤ ከድንጋጤው በኋላ ደስታዋ ደስታህ ሆነ ወይስ ማመልከቻዋን የምታስተውበት ዘዴ ፈለግህ? አንቺስ፣ ያልተስማማሽበትን ፊት ለፊት ትነግሪዋለሽ ወይስ ፊቱ እንዳይጠቁር እያልሽ ትውጪዋለሽ? ፈርተሽ ዝም ባልሽ ቁጥር እሱ የሚወደው አንቺን ሳይሆን ዝምታሽን ነው። የሚያፈቅር ሰው ሌላውን ለማወቅ አይጠግብም፤ ያወቀው ነገር ባይጥመውም ሰውየውን በልቡ በሠራው ምስል አይተካውም። ይህ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይታይም፤ ቀን፣ ጠብና እርቅ ይጠይቃል።

‹‹ፍቅር በሒሳብ አይሆንም›› የሚሉኝ ይኖራሉ። ሒሳብ አልጠየቅኩም፤ ሌላ ሰው እንዳለ ማየትን እንጂ። ስለዚህ ‹‹ያለ እሷ አልኖርም›› እያለ የሚያለቅስ ሰው ሲገጥማችሁ እንባውን ከመጥረጋችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁት፦ እሷ ለራሷ የምትፈልገው፣ አንተ የሌለህበት ሕልሟ ምንድን ነው? መልስ ካጣ፣ የሚወደው የራሱን ጭንቀት ነው፤ እሷን ይተዋት።