ርካሽ ቴሌቪዥንና የፈቃድ ዋጋ፦ ለኬብል አማራጭ የሚሹ የንግድ ሐሳቦች በምን ይመዘኑ?

መነሻ

የኬብል ቴሌቪዥን ወርኃዊ ክፍያ የከበደው ተመልካች ባለበት ሁሉ፣ ያንኑ አገልግሎት በርካሽ አቀርባለሁ የሚል ሥራ ፈጣሪ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሐሳብ ለውድድርም ሆነ ለመመረቂያ ጥናት ሲቀርብ በአብዛኛው የሚመዘነው በቴክኒኩ ነው፤ ምስሉ ምን ያህል ይጠራል? መሣሪያው ስንት ያወጣል? የኢንተርኔቱ ፍጥነት ይበቃዋል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ከእነርሱ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ አለ። የአሜሪካ የረጅም ዘመን ልምድ እንደሚያስረዳው፣ የወጪው ከባድ ክፍል ያለው የሌላውን ይዘት መልሶ ለማሰራጨት በሚከፈለው የፈቃድ ዋጋ ላይ ነው። ስለሆነም የማንኛውም ርካሽ አማራጭ የመጀመሪያ ፈተና «ባለመብቱ ከየት ይከፈለዋል?» የሚለው ሊሆን ይገባል።

ኬብል ራሱ አማራጭ ነበር

ዛሬ ውድ የተባለው ኬብል ሲጀመር የድኻ ከተሞች መላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ ተራራ ከልሏቸው ሥርጭት የማይደርሳቸው የፔንስልቬኒያና የኦሬገን ትናንሽ ከተሞች ከፍታ ላይ አንድ የጋራ አንቴና ተክለው ወደየቤቱ ሽቦ ዘረጉ። ከጀማሪዎቹ መካከል የቴሌቪዥን ሻጮች ነበሩ፤ ምስል በማይታይበት ከተማ ቴሌቪዥን የሚገዛ አይገኝምና። ለጣቢያዎቹ ግን የሚከፍሉት ነገር አልነበረም። ባለመብቶች ከስሰው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢደርሱም፣ ችሎቱ እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1974 ኬብል የተመልካቹን አንቴና ሥራ የሚያግዝ እንጂ ይዘቱን የሚያቀርብ አይደለም በማለት ለኬብል ወሰነ። የአገሪቱ ምክር ቤት በበኩሉ በ1976 የቅጂ መብት ሕጉን አሻሽሎ ክፍያ ጣለ፤ በ1992 ደግሞ የአካባቢ ጣቢያዎች ሥርጭታቸውን ለሚያስተላልፈው ኬብል ፈቃድ የመስጠት ወይም የመንፈግ መብት እንዲኖራቸው አደረገ። ከዚያ ወዲህ የፈቃዱ ዋጋ በተመልካቹ ሒሳብ ላይ ያርፋል።

ሁለት ሙከራዎችና ፍጻሜያቸው

ኤሪዮ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ዮርክ ሥራ ሲጀምር ያቀረበው መላ ብልሃት የተሞላበት ነበር። ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ የሳንቲም መጠን ያላት አንዲት አንቴና በመመደብ፣ አየር ላይ በነፃ የሚሰራጩትን ጣቢያዎች በኢንተርኔት ያደርስ ነበር። ክፍያው በወር ከ8 ዶላር ይጀምር ነበር። ኩባንያው የሚከራየው አንቴና እንጂ ፕሮግራም አይደለም ብሎ ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰኔ 25 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. በ6 ለ3 ድምፅ አገልግሎቱ ከኬብል ጋር ይመሳሰላል፣ ያለ ፈቃድም ለሕዝብ ያቀርባል ሲል ወሰነበት። በዚያው ዓመት ኅዳር ኩባንያው የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

ሎካስት በ2018 የመጣው በሌላ በር ነው። ሕጉ ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት ወጪውን ብቻ እየሸፈነ መልሶ እንዲያሰራጭ የሚፈቅድለት አንቀጽ አለው። ሎካስት ይህን ተከትሎ ከተመልካቾች በወር የ5 ዶላር መዋጮ ይጠይቅ ነበር። ነገር ግን የተሰበሰበው ገንዘብ ወደ አዳዲስ ከተሞች ለመስፋፋት በመዋሉ፣ የፌዴራል ፍርድ ቤት በነሐሴ 2021 ነፃነቱ አይመለከተውም አለ። አገልግሎቱም ወዲያው ተቋረጠ።

በሁለቱ ውሳኔዎች ላይ የሚነሣው ቅሬታ ያለ ምክንያት አይደለም። አየር ላይ በነፃ የተለቀቀን ምስል ተመልካቹ በጣሪያው አንቴና ቢቀበለው የሚጠይቀው የለም፤ በሩቅ በተተከለ አንቴና ሲቀበለው ግን ጥሰት ይሆናል። በኤሪዮ ጉዳይ የተለዩት ሦስት ዳኞችም የሚታየውን የሚመርጠው ተመዝጋቢው እንጂ ኩባንያው አይደለም ብለው ነበር። ይሁንና ለሥራ ፈጣሪ ትምህርቱ ግልጽ ነው። የኤሪዮ ርካሽነት የተገኘው ሥራን በመቀነስ አልነበረም፤ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ አንቴና መትከል እንዲያውም አንዱን ለሁሉ ከመትከል የሚበልጥ ድካም ነው። ቅናሹ በሙሉ የቆመው በአንድ የሕግ ትርጓሜ ላይ ነበር፤ ትርጓሜው ሲወድቅ ድርጅቱም አብሮ ወደቀ።

ፈቃድ መግዛትስ?

ፈቃድ ገዝተው የገቡት ከፍርድ ቤት ቢድኑም ከዋጋ አልዳኑም። ዩቲዩብ ቲቪ በ2017 በወር 35 ዶላር ጀምሮ፣ በጥር 2025 ወደ 82.99 ዶላር ደርሷል። ተመልካቹ የሸሸውን ሒሳብ በሌላ በር አገኘው ማለት ነው። በአንጻሩ ስፖርትና አዲስ ፊልም ትቶ፣ ርካሽና አሮጌ ይዘትን በማስታወቂያ ገቢ በነፃ ያቀረበው ፕሉቶ ቲቪ በ2019 ለቪያኮም በ340 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። የባለመብቱን ድርሻ አስተዋዋቂው ስለሚሸፍነው ከተመልካቹ የሚጠየቅ ክፍያ የለም።

ከዚህ ሁለት የሚያዋጡ መንገዶች ይታያሉ። አንደኛው ሁሉን ለማቅረብ ሳይመኙ ከአዘጋጁ ጋር በቀጥታ ተዋውሎ በማስታወቂያ መኖር ነው። ሁለተኛው ሥርጭትን ትቶ መሣሪያና ሙያ መሸጥ ነው። የአሜሪካ ሕግ የመኖሪያ ሕንፃ አስተዳደር የአካባቢውን ጣቢያዎች ለነዋሪዎቹ ያለ ቀጥተኛ ክፍያ ማዳረሱን ጥሰት አይለውም፤ አንቴናውን ተክሎ የሚጠግነው ባለሙያ ደግሞ የድካሙን ዋጋ ይቀበላል። ትርፉ አነስተኛ ይሆናል፤ መሠረቱ ግን በአንድ ፍርድ አይናድም።

ለኢትዮጵያ ያለው አንድምታ

በኢትዮጵያ ኬብል ሳይስፋፋ ዲሽ ቀድሞታል። ቤተሰቡ ዲሽና ሪሲቨር አንድ ጊዜ ገዝቶ ነፃ ጣቢያዎችን ያለ ወርኃዊ ክፍያ ያያል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ የጀመረው ኢትዮሳትም የአገሪቱን ጣቢያዎች በአንድ የሳተላይት ሥፍራ ሰብስቧል። አሜሪካዊው ሥራ ፈጣሪ በብዙ ድካም የሚፈልገው ነገር እዚህ በየጣሪያው ላይ አለ ማለት ይቻላል። ሆኖም ነፃ የሆነው ለተመልካቹ እንጂ ለጣቢያው አይደለም፤ ጣቢያው የሳተላይት ኪራይ ይከፍላል፣ ኪራዩም ከማስታወቂያ ወይም ከሌላ ደጋፊ መገኘት አለበት።

ስለዚህ እዚህ የሚታሰብ አዲስ ንግድ ያለውን ነፃ ሥርዓት የሚያጠናክር ቢሆን ይመረጣል። በየኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ከተደረደሩት ዲሾች ይልቅ ለሕንፃው የጋራ ዲሽ መትከልና መጠገን፣ ወይም ለጣቢያዎች የማስታወቂያ ገቢ የሚያስገኝ የተመልካች ጥናት ማቅረብ ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። የጣቢያዎችን ሥርጭት ያለ ስምምነት ወስዶ በኢንተርኔት መሸጥ ግን ለብሮድካስት ድርጅቶች ጥበቃ ከሚሰጠው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጋር ያጋጫል። የጋራው ዲሽ እንኳ ከመጀመሩ በፊት፣ የነዋሪዎች መዋጮ ለተከላ የሚከፈል እንጂ ለሥርጭት የሚከፈል አለመሆኑ በውሉ ላይ በግልጽ መስፈር ይኖርበታል።

መደምደሚያ

ርካሽነት ከሦስት ቦታ ሊመጣ ይችላል፦ ሥራን ከማቃለል፣ ሌላ ከፋይ ከማግኘት፣ ወይም ለባለመብቱ ባለመክፈል። ሦስተኛው ለጥቂት ጊዜ ከሁሉ ይበልጥ የሚማርክ ሲሆን፣ መዘጋቱ ሲመጣ ግን ገንዘቡን ያፈሰሰውንም አገልግሎቱን የለመደውንም ሜዳ ላይ ይጥላል። በንግድ ሥራ፣ በሕግና በመገናኛ ብዙኃን ትምህርት ክፍሎች የሚቀርቡ የዚህ ዓይነት ጥናቶች የቅናሹን ምንጭ ከሦስቱ በአንዱ ለይተው እንዲያሳዩ ቢጠየቁ፣ የማይቆመው ሐሳብ ገንዘብ ሳይባክንበት በወረቀት ላይ እያለ ይታወቃል።