«የሁለት መቶ ዓመት አገር» አትበሉ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና እየጠጣን፣ አንድ የማከብራቸው አባት «እኛ የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ ይዘን የሁለት መቶ ዓመት አገር ላይ ወደቅን» አሉ። በቤቱ ያለው ሁሉ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እኔን ግን ስለ አውስትራሊያ የተባለው ይህ ንግግር እስካሁን ያንገበግበኛል። ይህን ዓምድ የምትከታተሉ ከዚህ አባባል ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ታውቃላችሁ። ዛሬ ምስክር የምጠራው ከሩቅ ሳይሆን እዚሁ ከአዴላይድ ደቡብ፣ በመኪና አንድ ሰዓት ከማይሞላ ቦታ ነው።

ማስሊን ቢችን ለዋና የምታውቁት ብዙ ናችሁ። ቀይ፣ ቢጫና ነጭ ሆኖ ከባሕሩ ዳር የቆመውን ገደል ቀና ብሎ ያየ ግን ስንቱ ነው? እዚያው ዳርቻ ሬድ ኦከር ኮቭ የሚባል ቦታ አለ። የምድሩ ባለቤቶች ካውርናዎች ለሥርዓታቸው የሚሆነውን ቀይ አፈር ያወጡበት ስፍራ ነው። ቺልብሩኬ የተባለው ጥንታዊ አባታቸው፣ የተገደለበትን የእኅቱን ልጅ አስከሬን ተሸክሞ በዚህ ዳርቻ እያለቀሰ ሲያልፍ፣ እንባው በወደቀበት ሁሉ ምንጭ ፈለቀ ይላሉ። ጠበል ፍለጋ ተራራ ስንወጣ ያደግን ሰዎች ይህ እንዴት አይገባንም?

አፈሩን ያቀላው በውስጡ ያለው ብረት ነው። በድንጋይ ይፈጫል፣ በውሃ ወይም በስብ ይለወሳል፤ ገላ ይቀባበታል፣ ጋሻ ይቀለምበታል፣ ሙታን ይሸኙበታል። በኒው ሳውዝ ዌልስ ባለው በሙንጎ ሐይቅ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1974 አፅሙ የተገኘው ሰው የተቀበረው ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። በላዩም ቀይ አፈር ተነስንሶበት ነበር።

ይበልጥ ልቤን የሚነካው ግን የዲያሪዎች ታሪክ ነው። እነዚህ የሰሜኑ በረሃ ሰዎች በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግር እየተጓዙ ወደ ፍሊንደርስ ተራሮች ይወርዱ ነበር። የሚፈልጉት ፓራቺልና አካባቢ ከሚገኘው ከቡካርቱ የሚወጣውን የሚያብረቀርቅ ቀይ አፈር ነው፤ ለእነሱ የጥንታዊቱ ኢሙ ደም ነውና። መንገዳቸው ሰፋሪዎች በግ ባሰማሩበት መሬት ማለፍ ሲጀምር ግጭት ተነሣ፣ ሰው ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ባለሥልጣናቱ «አፈሩን እኛ ካመጣንላቸው አይመጡም» ብለው ዘየዱ። ከዚህ ከካውርናዎች ዳርቻ በቶን የሚቆጠር ቀይ አፈር አስቆፍረው በረሃ ወዳለው ሚሲዮን ላኩ። ዲያሪዎቹ ግን ጉዟቸውን አልተዉም። የተላከላቸው አፈር ቀይ ቢሆንም ከቡካርቱ አልመጣም። ለሹሞቹ አፈር ሁሉ አንድ ነበር፤ ለባለቤቶቹ ግን አፈሩ ከቦታው፣ ከጉዞውና ከታሪኩ አይለይም።

«የተጻፈ ታሪክ የላቸውም» የሚለኝ አይጠፋም። የሰባት ቤት ትውልዱን በቃል እየቆጠረ ያደገ ሰው ይህን ሲናገር ማፈር አለበት።

ደግሞ ነገሩ የቃል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ታሪክ የለውም በተባለ መሬት ላይ ፈንጂ ማጥመድ ይቀላል። የማዕድን ኩባንያው ሪዮ ቲንቶ በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. በምዕራብ አውስትራሊያ ጁካን ሸለቆ ያፈረሳቸው ዋሻዎች የሰው ልጅ ከ46 ሺህ ዓመት በፊት የተጠለለባቸው ነበሩ። ያፈረሳቸውም በሕግ ፈቃድ አግኝቶ ነው። እኛ ቡና ላይ የምንደጋግመው አባባል እንዲህ ያለውን ፈቃድ ከሚያስገኝ አስተሳሰብ የተቀዳ ነው።

በዚያ ላይ «ሦስት ሺህ ዓመት» እያልን የራሳችንንም እናሳንሳለን። ድሬዳዋ አጠገብ ባለው በፖርክ ኤፒክ ዋሻ ተመራማሪዎች 40 ኪሎ ግራም ያህል ቀይና ቢጫ አፈር አግኝተዋል። ዕድሜው 40 ሺህ ዓመት ገደማ ነው፤ ከፊሉም ተፈጭቷል። ሙንጎ ላይ ሟቹ በቀይ አፈር ሲሸኝ፣ የእኛም ምድር ሰዎች ዋሻቸው ውስጥ ቀለም ይፈጩ ነበር። እንግዲህ በታሪክ ርዝመት መፎካከሩ ምን ይጠቅመናል?

ወላጆች ሆይ፣ በሚመጣው እረፍት ልጆቻችሁን ወደ ማስሊን ቢች ዳርቻ ውሰዱ። የቺልብሩኬን ታሪክ ንገሯቸው። ገደሉን አይቧጭሩ፣ ከአፈሩም ቁራጭ አይውሰዱ፤ ይህን የመሰለው ቅርስ እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው የደቡብ አውስትራሊያ የአቦርጂናል ቅርስ ሕግ የተጠበቀ ነው። ቡና ላይ «የሁለት መቶ ዓመት አገር» የሚል ሲነሣ ደግሞ ዝም አትበሉ። በአክብሮት አርሙት።