ቤት ስንገዛና ስንሸጥ፦ ከመፈረማችን በፊት የሚነሱ ጥያቄዎች

በዚህ ወር የምናወጋው ስለ ቤት ነው። ቤቱን ስለ መምረጥ ሳይሆን፣ ከተመረጠ በኋላ ቁልፉ እስኪሰጠን ድረስ ስላለው የወረቀት መንገድ። በኮሜርስ ሲቲ ቤት የሚገዙና የሚሸጡ ወገኖቻችን ደጋግመው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አምስቱን መርጫለሁ።

ጠበቃ መያዝ ግዴታ ነው ወይ?

አይደለም። አገር ቤት ሻጭና ገዢ ውልና ማስረጃ ቀርበው ይፈራረማሉ። ኮሎራዶ ውስጥ ግን ክሎዚንጉን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈጽመው ታይትል ካምፓኒ ነው። ቤቱ ላይ ዕዳ መኖር አለመኖሩን ያጣራል፣ ገንዘቡን ተቀብሎ የሻጩን የቀድሞ ሞርጌጅ ይዘጋል፣ የባለቤትነት ሰነዱን ማለትም ዲዱን ብራይተን ባለው የአዳምስ ካውንቲ መዝገብ ቤት ያስመዘግባል። ነገር ግን የእናንተ ጠበቃ አይደለም። ሪልተራችሁም "ትራንዛክሽን ብሮከር" ሆኖ ከተፈራረማችሁ ሁለቱንም ወገን ያገናኛል እንጂ ለእናንተ ወግኖ አይከራከርም። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው "እርስዎ የእኔ ወኪል ነዎት ወይስ አገናኝ ብቻ?" ብላችሁ ጠይቁ። ነገሩ የተወሳሰበ ከሆነ፣ ለምሳሌ ፍቺ ወይም ውርስ ካለበት፣ ለጠበቃ የምትከፍሉት ገንዘብ አይቆጫችሁም።

ሁለታችንም ስማችን ካለ ይበቃል አይደል?

አይበቃም። ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ይህንን ነው። እስቲ በምሳሌ እንየው። ባልና ሚስት አብረው ሠርተው ቤት ገዙ፤ የሁለቱም ስም ዲዱ ላይ አለ። ከዓመታት በኋላ ባል ያለ ኑዛዜ አረፈ። ሚስት ቤቱን ልትሸጥ ስትነሳ "የባልሽ ድርሻ መጀመሪያ በፕሮቤት ፍርድ ቤት ማለፍ አለበት" ተባለች። ባል ከሌላ የወለደው ልጅ ካለ ደግሞ እሱም ወራሽ ሊሆን ይችላል። በሐዘን ላይ ሌላ ጣጣ መጣ ማለት ነው።

ምክንያቱ አንድ ቃል ነው። በኮሎራዶ ሕግ ዲዱ ላይ "ጆይንት ቴናንሲ" ተብሎ በግልጽ ካልተጻፈ፣ ሁለቱ ባለቤቶች እንደ "ቴናንትስ ኢን ኮመን" ይቆጠራሉ። ያኔ የሟች ድርሻ የሚሄደው ለወራሾቹ ነው። ጆይንት ቴናንሲ ከሆነ ግን ቤቱ በሕይወት ላለው ሰው በቀጥታ ያልፋል። የግዢ ውሉ መጀመሪያ አካባቢ ይህንኑ የሚጠይቅ ትንሽ ሳጥን አለ፤ ሪልተሩ እንዲሁ በችኮላ እንዳይሞላው። ወንድምና እህት ተባብራችሁ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ሊሻላችሁ ይችላል፤ ድርሻችሁ ለየልጆቻችሁ እንዲሆን ትፈልጉ ይሆናልና። ቤት ካላችሁ ዛሬውኑ ዲዳችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። ቃሉ ከሌለበት አዲስ ዲድ ጽፎ በማስመዝገብ ይስተካከላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ሁለታችሁም በሕይወት ሳላችሁ ነው።

የዕቁብ ገንዘብ ለዳውን ፔይመንት ይሆናል?

ዕቁብ ነውር አይደለም፤ ችግሩ ያለው ጥሬ ገንዘቡ ላይ ነው። ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ወር የሒሳብ መግለጫ ያያል፤ ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ካገኘ "ይህ ከየት መጣ?" ይላል። ስለዚህ ዕቁቡ ሲደርሳችሁ ሳታቆዩ ባንክ አስገቡ፣ የከፈላችሁበትን መዝገብ ያዙ፣ አበዳሪውን አስቀድማችሁ አማክሩ። ዘመድ ከሰጣችሁ የስጦታ ደብዳቤ ይጠየቃል። "ስጦታ ነው" ተብሎ የተፈረመበት ገንዘብ በውስጥ ብድር ከሆነ ግን ባንኩን መዋሸት ነው፤ በፌዴራል ሕግም ያስጠይቃል።

ብቀር ቀብዴ ይመለሳል?

አገር ቤት በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። እዚህ ነገሩን የሚወስነው ውሉ ላይ ያለው የቀን ሰንጠረዥ ነው። ለኢንስፔክሽን፣ ለብድር፣ ለግምትና ለታይትል የየራሳቸው ቀን አላቸው። በቀኑ ውስጥ በጽሑፍ ከወጣችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ትወጣላችሁ፤ ቀኑ ካለፈ ቀብዱ ሊቀር ይችላል። ቀኖቹን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ኢንስፔክሽን ስታስደርጉ ራዶን ማስለካትና የፍሳሽ ቱቦውን በካሜራ ማሳየት አትርሱ።

ታክሱ ለምን ይለያያል?

በሰሜን ኮሜርስ ሲቲ፣ እንደ ሪዩኒየን ባሉ አዳዲስ ሰፈሮች፣ መንገዱና መናፈሻው የተሠራበትን ዕዳ ሜትሮ ዲስትሪክት የሚባለው አካል በንብረት ታክስ ላይ ጨምሮ ይሰበስባል። ስለዚህ ዋጋቸው እኩል የሆኑ ሁለት ቤቶች፣ አንዱ በድሮው ሰፈር ሌላው በአዲሱ፣ ወርሃዊ ክፍያቸው በእጅጉ ሊለያይ ይችላል። የኤች ኦ ኤ ክፍያ ደግሞ ከዚህ ሌላ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት የቤቱን የታክስ ቢል በዝርዝር እዩት።

ሌላም አለ። ኮሎራዶ የዓመቱን የንብረት ታክስ የምትሰበስበው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ታክሱ በዓመት 6,000 ዶላር ሆኖ ክሎዚንጉ በሰኔ መጨረሻ ላይ ከዋለ፣ ሻጩ የኖረበትን ግማሽ ዓመት ወደ 3,000 ዶላር ለገዢው ያስቀምጣል። ሻጮች "ለምን ተቆረጠብኝ?" ብላችሁ አትደንግጡ፤ የራሳችሁ ዕዳ ነው። የሚያስደስታችሁ ደግሞ ይህ ነው፦ ካለፉት 5 ዓመታት ቢያንስ 2ቱን ባለቤት ሆናችሁ ከኖራችሁበት፣ ከትርፉ እስከ 250,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት አብራችሁ ከሞላችሁ እስከ 500,000 ዶላር ከፌዴራል ታክስ ነፃ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ አንድ አደራ አለኝ። ክሎዚንጉ ሲቃረብ "የምትልኩበት አካውንት ተቀይሯል" የሚል ኢሜይል ከመጣ አንድ ዶላርም አትላኩ። ኢሜይሉ ላይ ያለውን ስልክ ትታችሁ፣ መጀመሪያ በያዛችሁት ቁጥር ታይትል ካምፓኒው ጋ ደውላችሁ አረጋግጡ። አንዴ የተላከ ገንዘብ ብዙ ጊዜ አይመለስም።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፤ ለየራሳችሁ ጉዳይ ባለሙያ አማክሩ። የደስታ ቤት ይሁንላችሁ። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!