አበባው ባሕር ሲሻገር ለገበሬው ምን ይቀርለታል?

እንደሚታወቀው በሰበታ፣ በሱሉልታና በአካባቢያቸው የሚለማው አበባ በአውሮፕላን ተጭኖ በአብዛኛው የሚሄደው ወደ ሆላንድ ገበያ ነው። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ የምትጠቀስ አበባ ላኪ ለመሆን የበቃችው አየሩ ስለተስማማ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ከድኃ አገሮች የሚመጣ ዕቃ፣ ከጦር መሣሪያ በቀር፣ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ስለፈቀደ ጭምር ነው።

እንዲህ ያለው ዕድል ግን ቁልፉ በሰጪው እጅ ነው። አሜሪካ አጎዋ በተባለው ሕግ የሰጠችውን የቀረጥ ነፃ መብት ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ላይ ስታነሣ ጉዳቱ ቀድሞ የደረሰው በልብስ ስፌት ሠራተኞች ላይ ነበር።

ወደ ቀበሌያችን እንመለስ። ቡና አምራቹ የሚሸጠው ፍሬውን ነው፤ ዛፉና መሬቱ በእጁ ይቀራሉ። የአበባ እርሻ በተተከለበት ቀበሌ ግን ገበሬው ለንግዱ ያዋጣው መሬቱን ነው። ካሣውን አንድ ጊዜ ይቀበላል፤ ከዚያ ወዲያ የአበባ ዋጋ ቢወጣ አይደርሰውም። ለልጆቹ የቀን ሥራ ይገኛል፤ ይህም የሚናቅ አይደለም፣ በተለይ ለሴቶች። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት ለዘለቄታው ለሚነሣ ገበሬ የመፈናቀያ ካሣው የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው 10 እጥፍ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ወደ 15 እጥፍ አሳድጎ፣ ስሌቱንም ከሦስቱ ዓመታት ከፍተኛ በሆነው ገቢ ላይ አድርጎታል። መሻሻል ነው። ሆኖም ስሌቱ መሬቱ ጤፍ ሲያበቅል በሰጠው ገቢ እንጂ አበባው በሚያስገኘው ዶላር አይደለም። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በሰበታ ፋብሪካዎች ሲቃጠሉ ከቁጣው ምክንያቶች አንዱ የመሬት ጥያቄ እንደነበር መርሳት አይገባም።

ቡራዩ በአብዛኛው ቤት ሆናለች፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። መሬት ገና በእጁ ላለ ገበሬ ግን ሌላ መንገድ አለ። በሰበታ የሚገኘው የሜታ ቢራ ፋብሪካ በ2004 ዓ.ም. በ225 ሚሊዮን ዶላር ለእንግሊዙ ዲያጆ ከተሸጠ በኋላ ኩባንያው ከገበሬዎች የብቅል ገብስ በውል መግዛት ጀምሮ ነበር። ብቅል ከባሕር ማዶ በምንዛሪ ሲገዛ ለኖረ አገር፣ እዚሁ የተመረተ ገብስ ምንዛሪ ከሚያስገኘው አበባ የማያንስ ጥቅም አለው፤ መሬቱም ከገበሬው አይወጣም።

እርግጥ ውልም ወጥመድ አለው። ዋጋው የሚቆረጠው ከዘር በፊት ነው ወይስ ከአጨዳ በኋላ? ሚዛኑ የማን ነው? ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ ተሰጥቶ ዝናብ ቢያጥር ዕዳው በማን ላይ ይወድቃል? የማኅበራት መሪዎች እነዚህን በጉባዔ አንሥተው መልሱን በውሉ ላይ ማስጻፍ ያለባቸው ከፊርማው በፊት ነው።