ጉበት አይቸኩልም

በመኝታ ቤታችን ቅዳሜ ሌሊት የሚከፈት አንድ ሐኪም ቤት አለ። ሐኪሞቹ እኛው ነን፤ መድኃኒታችንም ጥቁር ቡናና ቀዝቃዛ ውሃ ነው። አረቄ ያሸነፈውን ጓደኛችንን ራሱን እናርሳለን፣ ቡና እንግተዋለን፣ ከዚያም በጀርባው አጋድመን «ይተኛ፣ ይወጣለታል» ብለን እንሄዳለን። የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ኬሚስትሪ ምን አገባው የሚል ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን የሚሰክረው ጓደኛ የጋራችን ስለ ሆነ የሳይንስ ወንድሞቻችንን ጠይቀን የተረዳነውን እንጽፋለን።

የተጠጣው አልኮል አብዛኛው የሚፈርሰው በጉበት ነው። አልኮል ዴሃይድሮጂኔዝ የሚባለው ኤንዛይም ከአልኮሉ ሃይድሮጂን ነጥቆ አሴታልዴሃይድ ያደርገዋል፤ ይኸውም ከአልኮሉ የባሰ መርዝ ነው። ሁለተኛው ኤንዛይም ይህን መርዝ ተቀብሎ ወደ አሴቴት፣ ማለት ወደ አቼቶ ዘመድ፣ ይለውጠዋል። (ከምሥራቅ እስያ ሰዎች ብዙዎቹ ይህ ሁለተኛው ኤንዛይም በተፈጥሮ ደካማ ስለ ሆነባቸው ጥቂት ሲቀምሱ ፊታቸው ይቀላል።)

ቁም ነገሩ ፍጥነቱ ላይ ነው። የመጀመሪያው ኤንዛይም በጥቂት መጠጥ እጁ ይሞላል፤ ከዚያ ወዲያ ብርሌ በብርሌ ላይ ቢደረብ ሥራውን አያፋጥንም። ጉበት በሰዓት የሚያፈርሰው በአማካይ ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ሲሆን፣ በአንድ ጠርሙስ ቢራ ውስጥ ግን 13 ግራም ገደማ አልኮል አለ። ቡና ይህን ሒሳብ አይለውጥም፤ እንቅልፉን አባርሮ ንቁ ሰካራም ያደርገዋል እንጂ። ቀዝቃዛው ውሃም አልኮል ሙቀቱን ያባከነበትን ሰውነት ይባስ ያበርደዋል።

እኛን ከሁሉ ያስደነገጠን ሌላ ነው። ሰውየው ቢተኛም በሆዱ የቀረው መጠጥ ወደ ደሙ መግባቱን አያቆምም። እንግዲህ «ይተኛ» ብለን በሩን ከዘጋን በኋላ ስካሩ ሊብስ ይችላል ማለት ነው። በጀርባው ተኝቶ ቢያስታውክም ሊታፈን ይችላል።

ስለዚህ «ወንድ ከሆንክ ጨልጠው» እያለ ብርጭቆ የሚያስጨብጥ ሁሉ ሌሊቱን አብሮ ይደር እንላለን። ጓደኛውን በጎኑ ያስተኛው፤ ትንፋሹን ይጠብቅ። ተጠርቶ የማይነቃ፣ ትንፋሹም የሚቆራረጥ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይውሰደው። ብዙዎቻችን ይህን የማናደርገው ክስ ፈርተን መሆኑን እናውቃለን። ኅብረታችን በሚቀጥለው ስብሰባው የታመመ ጓደኛውን ወደ ክሊኒክ ያደረሰ ተማሪ በዚያ ሌሊት መጠጥ እንዳይከሰስ ለአስተዳደሩ ያመልክትልን።